ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን ጠይቁ

 

የዛሬው የጁምዓ ትምህርታችን ስለ ቤት ነው፤ ስለ መግዛትና መሸጥ፣ ከገቡበት በኋላም ከሰው ጋር ስለ መኖር። የምጽፍላችሁ በወልድያ፣ በመርሳና በሌሎቹ የሀብሩ ከተሞች ቤት ሻጭንና ቤት ገዢን በማገናኘት የምተዳደር ሰው ነኝ። በአጭሩ ደላላ ነኝ።

ቤት ፈላጊ ሲደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው። ስንት ካሬ ነው? ካርታ አለው? የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። «ጎረቤቱ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። «በዚህ ቤት ላይ ሐቅ ያለው፣ ዛሬ ግን እዚህ ያልተገኘ ሰው ይኖር ይሆን?» የሚለውማ ከናካቴው አይነሳም።

ኋላ ላይ ዋጋ የሚያስከፍሉት እነዚህ ሁለት ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው። ካሬው ያነሰበት ሰው ቆይቶ ይለምደዋል። ዋጋው የተወደደበትም ሠርቶ ይተካዋል። የሰው ሐቅ ያለበትን ቤት የገዛ ወይም ከጎረቤቱ ተቀያይሞ የገባ ሰው ግን ቤት አግኝቶ እንቅልፍ አጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ከዋጋው በፊት ስለ ሰዎቹ እንነጋገር።

ደላላው ምን ይፈቀድለታል?

ከራሴ ሙያ ልጀምር። ደላላ በዓረብኛ ሲምሳር ይባላል። ቀይስ ኢብን አቢ ገረዛ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ እንደሚነግረን፣ የመዲና ገበያተኞች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እነሱ መጥተው ከዚያ በተሻለ ስም ጠሯቸው፤ ነጋዴዎች አሏቸው። አያይዘውም በንግድ ውስጥ ከንቱ ንግግርና መሐላ እንደሚገባ አስታውሰው፣ ንግዳቸውን ከሶደቃ ጋር እንዲቀላቅሉት አዘዟቸው። ሙያውን አላዋረዱትም፤ የሙያውን በሽታ ግን ነገሩን። በሽታው ያለው ምላስ ላይ ነው።

የበሽታው ምልክት ዛሬም ያው ነው። «ወላሂ ትናንት ሌላ ሰው ከዚህ በላይ ሰጥቶበታል» ይላል ደላላው፤ ሌላ ሰው ግን የለም። ወይም ጓደኛውን ገዢ አስመስሎ ይልክና ዋጋ ያስጨምራል። ይህ በሸሪዓ «ነጅሽ» የሚባለው ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለውታል።

የደላላ ክፍያ በራሱ ግን ነውር የለውም። ኢማም ቡኻሪ በኪታባቸው ኢብን ሲሪን፣ ዐጧእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩ ጠቅሰዋል። ከኢብን ዐባስም (ረ.ዐ) አንድ ጠቃሚ ነገር አስፍረዋል፦ ባለ ዕቃው የሚፈልገውን ዋጋ ለደላላው ነግሮ፣ ከዚያ በላይ የመጣው የደላላው እንዲሆን ቢስማማ ችግር የለውም። ልብ በሉ፤ ቁም ነገሩ ባለቤቱ አውቆ መስማማቱ ላይ ነው። ለምሳሌ ባለቤቱ ሁለት ሚሊዮን ብር ጠይቆ ሳለ፣ ደላላው ለገዢው ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ብሎ ልዩነቱን በድብቅ ቢይዝ፣ ያ ክህደት ነው።

ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ ደላላውን ፊት ለፊት ጠይቁት። ኮሚሽንህ ስንት ነው? ከማን ከማን ትቀበላለህ? ባለቤቱ ራሱ የጠየቀው ዋጋ ይህ ነው? በሽያጭ ላይ የተለመደው ከየወገኑ ሁለት በመቶ ነው፤ ቢሆንም አስቀድሞ የተነገረና የተጻፈ ይሁን። ዋጋ የሚቆረጥበት ቀን ሻጩና ገዢው ተገናኝተው በአንደበታቸው ይነጋገሩ። እነሱን ላለማገናኘት የሚጥር ደላላ የሚደብቀው ነገር አለው። ሐቀኛው ደላላ ስለተጠየቀ አይከፋም፤ እንዲያውም ይቀለዋል።

የምትገዙት ምንድን ነው?

በአገራችን መሬት አይሸጥም። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከግል ባለቤትነት ወጡ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። እናንተ የምትገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው በሁለት ቦታ ይጎዳል።

አንደኛው በነባር ይዞታ ላይ ነው። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥርዓት እንደሆነ ይደነግጋል። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። እንግዲህ ሻጩ «እኔ በዓመት የምከፍለው ይህቺን ብቻ ነው» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ክፍያ ግን ከእሱ ሊለይ ይችላል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ስም ሲዞር የሚመጣውን ክፍያ በሙሉ ጠይቁ።

ሁለተኛው በከተማ ዳር ነው። ወልድያም መርሳም ወደ ዳር እየሰፉ ነው። የገበሬ ማሳ ተሸንሽኖ በካሬ ሲሸጥ ይታያል። ዋጋው ርካሽ ነው። ካርታ የለውም፤ ያለው በመንደር የተፈረመ ወረቀት ነው። «ኋላ ሕጋዊ ይሆናል» ይባላል። ቤቱ በሌሊት ይቆማል፤ የጨረቃ ቤት መባሉም ለዚህ ነው። ነገ ቢፈርስ ገዢው የሚከራከርበት ሰነድ የለውም። ገበሬውም ጤፍና ማሽላ የሚያፍስበትን፣ ለልጆቹ የሚተርፈውን ማሳ ቶሎ በሚያልቅ ብር ለውጦ ባዶውን ይቀራል። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚያሻሽጥ ደላላ ለገዢውም ለገበሬውም አላዘነም።

እዚህ የሌለው ሰው ሐቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ቤት በሚሸጥበት ቀን ተሰብስበው የሚቀመጡት ሻጭ፣ ገዢ፣ ደላላና ምስክሮች ናቸው። ቤቱ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ግን አንዳንዴ ከእነዚህ ውጪ ነው። ሦስቱን ላንሳ።

የመጀመሪያዋ ሚስት ናት። የቤተሰብ ሕጉ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ካርታው በባል ስም ብቻ መውጣቱ ንብረቱን የእሱ ብቻ አያደርገውም። «እሷም እሺ ብላለች» መባሉ አይበቃም። ራሷ ትምጣ፣ ውሉ ይነበብላት፣ ራሷ ትፈርም። ሻጩ አላገባሁም ወይም ፈትቻለሁ ካለም ማስረጃውን ያሳይ።

ሁለተኞቹ ወራሾች ናቸው። በእኛ አካባቢ አባት ከሞቱ በኋላ ሳይከፋፈል ብዙ ዘመን የሚቆይ ቤት አለ። እናት ትኖርበታለች፤ አንዱ ወንድም አጠገቧ ይቀራል፤ ሌሎቹ ወደየሥራቸውና ወደየትዳራቸው ይሄዳሉ። እናት ስታልፍ አብሯት የኖረው ወንድም ቤቱን የራሱ አድርጎ ማየት ይጀምራል። እህቶቹ ሲነሱ «እነሱማ አግብተዋል» ይባላል። ማግባት ግን ከውርስ አያስወጣም። በሱረቱ ኒሳእ የሴት ልጅን ድርሻ የወሰነው አላህ (ሱ.ወ) ነው፤ ወንድም ሊሰጣት ወይም ሊነፍጋት የሚችለው ስጦታ አይደለም። «እህቴ ትታልኛለች» የሚል ካለም፣ አፍራ ዝም ማለቷና ወዳ መተዋ እንደሚለያዩ ልብ ይበል።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በመዲና የተሠራበትን ቦታ አስታውሱ። ተምር የሚደርቅበት፣ ሰህልና ሱሀይል የተባሉ የሁለት የቲሞች ይዞታ ነበር። ልጆቹ በነፃ ሊሰጡ ፈለጉ። እሳቸው ግን በነፃ አልቀበልም ብለው ገዙት። ሥራው የመስጂድ ሥራ ነበር፤ ባለቤቶቹም በፈቃዳቸው እየሰጡ ነበር። እንዲህም ሆኖ የየቲም ንብረት ያለ ዋጋ አልተወሰደም። እኛ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ብለን፣ ሳንጠይቃቸው የወራሾችን ድርሻ የምናልፍ ከሆነ ምን እንመልሳለን? በግፍ የስንዝር ያህል መሬት የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን የሚጠብቀው ከሰባት ምድር የሚጠለቅለት ሸክም መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል።

ስለዚህ የውርስ ቤት ስትገዙ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቁ። በማረጋገጫው ላይ ስማቸው ያለው ሁሉ ይፈርሙ፤ ራቅ ያለው ውክልና ይላክ። ደግሞም ከወራሾቹ አንዱ ቤቱን ራሱ መግዛት የሚፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። ባልተከፋፈለ ንብረት ላይ ሸሪክ የሆነ ሰው ከውጭ ገዢ ይልቅ ቅድሚያ እንዳለው ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ያስተምረናል፤ «ሹፍዓ» ይባላል። እናታቸው ያሳደገቻቸውን ግቢ ለማስቀረት የሚፈልግ ልጅ እያለ ሽያጩን ከባዕድ ሰው ሲሰማ የሚሰበረው ልብ በቀላሉ አይጠገንም።

ሦስተኛዋ ዓረብ አገር ያለችው እህት ናት። ከሀብሩና ከወልድያ ዙሪያ ስንት ልጆቻችን ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች ዓረብ አገሮች እንደሄዱ ታውቃላችሁ። በሰፈራችን ካሉት አዳዲስ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ውስጥ በሰው ቤት ከምታጥብና ከምታበስል ልጅ ደሞዝ የተገዙ አሉ። ብሩን ለወንድሟ ወይም ለአጎቷ ትልካለች። ቦታው ይገዛል። ካርታው ግን በወንድም ስም ይወጣል። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ «እሷ እዚህ የለችም፣ በእኔ ስም ይቅለል» ብሎ ነው። ከዚያ ያገባል፤ ልጅ ይወልዳል፤ ሚስቱ በዚያ ቤት ትኖራለች። ዓመታት አልፈው እህት ስትመለስ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች።

መመለስ ደግሞ ሁልጊዜ ታስቦ አይመጣም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። እንዲህ በድንገት የምትመለስ እህት «ቤቴ የታል?» ብትል መልሱ በወንድሟ ትዝታ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ሊኖር ይገባል።

ወንድሜ፣ በተላከልህ ብር የምትገዛ ከሆነ በላኪዋ ስም ግዛ። አማና ማለት ይህ ነው። እህቴ፣ አንቺም ባለሽበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ስጪ፤ ስትሰጪም ውክልናው ለመግዛት ብቻ ይሁን ወይስ ለመሸጥና ለማስያዝም ጭምር እንደሆነ ለይተሽ አስጽፊ። ይህ ወንድምን አለማመን አይደለም። ነገ ሸይጧን በመካከላችሁ የሚገባበትን ቀዳዳ ዛሬ መድፈን ነው።

ጻፉ፣ አስመዝግቡ፣ አስመስክሩ

በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራ የሚገኘው 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረው ስለ ዕዳ ውል መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊውና ስለ ምስክሮቹ ነው። «እኛ እኮ ተማምነናል፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

የአገሪቱም ሕግ በዚሁ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና፣ በአንቀጽ 1723 ደግሞ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። ሻይ ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ወረቀት ሽማግሌ ቢፈርምበትም ያንን አይተካም። እንግዲህ ከቀብድ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1. የካርታውን ዋና ቅጂ እዩ። በፎቶ ኮፒ አትዋዋሉ።

2. ካርታው ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ዕዳ፣ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለበትም እዚያው ጠይቁ።

3. ግብሩና የሊዝ ክፍያው እስከ መቼ እንደተከፈለ ደረሰኙን እዩ። የመብራትና የውኃውንም አትርሱ።

4. ቦታውን በሜትር አስለኩ። ስታስለኩ የአራቱም ማዕዘን ጎረቤቶች ይገኙ፤ «ድንበሩ እዚህ ነው» ብለው ያሳዩ።

5. ክፍያውን በባንክ አድርጉ፤ በውሉ ላይም እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። ግብር ለመቀነስ ብላችሁ ያሳነሳችሁት ዋጋ ነገር የመጣ ቀን እናንተን ራሳችሁን ይጎዳል፤ ከውሸት ምስክርነትም አያድናችሁም።

አራተኛውን ቁጥር ብዙ ሰው ይዘለዋል። የድንበር ክርክር ሲነሳ ግን ከካርታው ቀጥሎ የሚጠየቀው የጎረቤት ቃል ነው። በግዢው ቀን ያልተጋበዘ ጎረቤት በክርክሩ ቀን ምስክር ሁንልኝ ቢባል በምን አንጀቱ?

ጎረቤት ከቤት በፊት

ዓረቦች ቤት ከመምረጥ በፊት ጎረቤት ይመረጥ የሚል አባባል አላቸው። ሶሓቦች ይህን በተግባር እንዴት ይኖሩት እንደነበር ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ታሪክ ያሳየናል።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፃ ያወጡት አገልጋይ አቡ ራፊዕ (ረ.ዐ) በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች ነበሯቸው። እንዲገዟቸው ለሰዕድ አቀረቡላቸው። ሰዕድ መጀመሪያ አልፈለጉም፤ በኋላ ከአራት ሺህ በላይ እንደማይጨምሩ፣ እሱንም ከፋፍለው እንደሚከፍሉ ተናገሩ። አቡ ራፊዕ ግን ከሌላ ገዢ አምስት መቶ ዲናር ተሰጥቷቸው ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር ወደ አሥር ዲርሃም ያወጣ ስለነበር ይህ ወደ አምስት ሺህ ዲርሃም ይጠጋል። እንዲያም ሆኖ ለሰዕድ ሸጡላቸው። ምክንያታቸውንም ተናገሩ፦ ጎረቤት በቅርበቱ የበለጠ መብት እንዳለው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባይሰሙ ኖሮ በዚያ ዋጋ አይሰጡም ነበር።

ሹፍዓ ለተራ ጎረቤትም ይሁን ወይስ ለሸሪክ ብቻ በሚለው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች ለአጎራባቹም ይሰጣሉ፣ ሻፊዒዮች ለሸሪክ ብቻ ነው ይላሉ። ሁለቱም መዝሀቦች በወሎ የሚታወቁ ስለሆኑ ፍርዱን ለዑለማዎቻችን እንተው። አደቡ ግን ሁላችንም ልንይዘው የምንችለው ነው። ቤታችሁን ልትሸጡ ስታስቡ ደላላ ጋር ከመደወላችሁ በፊት የአጥር ጎረቤታችሁን አንኳኩ። «ልሸጥ አስቤያለሁ፤ ትፈልጉት እንደሆን» በሉ። ባይፈልጉት እንኳ የክብር ጥሪ ነው። ይህን የምነግራችሁ ኮሚሽኑ የሚቀርብኝ እኔው ደላላው ነኝ።

ገዢዎችስ? ቤቱን ደላላው በቀጠራችሁ ሰዓት ብቻ አትዩት። አንድ ቀን ለብቻችሁ ሂዱና መግሪብን በሰፈሩ መስጂድ ስገዱ። ከሶላት በኋላ ኢማሙንና ጀመዓውን ጠይቁ። ሱቅ ገብታችሁ ስኳር ግዙና ባለ ሱቁን አጫውቱት። የቅሬውን ሰብሳቢ ፈልጉ። በዝናብ ቀንም ሂዱ፤ በተለይ ወልድያ ተዳፋት ስለሆነች የላይኛው ግቢ ጎርፍ በማን በኩል እንደሚወርድ በበጋ አይታይም። ጎረቤቶቹ ሙስሊምም ሆኑ ክርስቲያን ሰላምታ ስጡና ራሳችሁን አስተዋውቁ። ሰው እንዴት እንደተቀበላችሁ ካርታው የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ጎረቤት ጥሩ ይሁንልኝ የምንል ሁሉ እኛም ለሌላው ጎረቤት ነን። ጅብሪል (ዐ.ሰ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሳ ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው ነበር። ጎረቤት የግድግዳ እንጨት በግድግዳችን ላይ ቢያሳርፍ እንዳንከለክለው መታዘዙንም አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ታዲያ እኛ ስንገነባ መስኮታችን የሰው ጓሮ ውስጥ አይግባ። የጣሪያችን አሸንዳ ውኃውን በጎረቤት ግድግዳ ላይ አይድፋ። የሽንት ቤት ጉድጓዳችን ከጎረቤት ማድ ቤት አይጠጋ። አሸዋና ድንጋይ መንገድ ላይ ከማራገፋችን በፊት እናስፈቅድ።

ቁልፍ ከተቀበላችሁ በኋላ

አዲስ ቤት የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው አጥር ማስረዘምና የብረት በር ማስገባት ነው። አይከለከልም፤ ግን ከዚያ አስቀድሞ ቅሬ ይግባ። በሌላው አገር እድር የሚባለው፣ እኛ በወሎ ቅሬ የምንለው፣ የሞተ ቀን ብቻ የሚታሰብ የገንዘብ መዋጮ አይደለም። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ፣ የማን ልጅ እንደወለደች የሚሰማበት ቦታ ነው። ቅሬ ያልገባ ሰው ቤቱ በሰፈሩ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ከሰፈሩ ውጪ ነው።

ይህን በቅርብ ዓመታት በዓይናችን አይተናል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ስንቱ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጣ፤ ስንቱም የሚሄድበት አጥቶ ቀረ። ያን ጊዜ ረጅም አጥር ማንንም አላዳነም። ቁልፍ ተቀብሎ የጠበቀው፣ ያለችውን ዱቄት ያካፈለው፣ አዛውንቶችን ያየው ጎረቤት ነበር። ጎረቤቱን በሰላሙ ቀን ያላወቀ ሰው በዚያ ቀን ቁልፉን ለማን ይስጥ?

ተከራዮችንም አንርሳ። ግቢያችሁ ውስጥ ክፍል የተከራየው አስተማሪ፣ ተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ደጃችሁ ላይ ያለ ጎረቤታችሁ ነው። ቡና ሲፈላ ይጠራ። የ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። አዋጁ በማይደርስበት ቀበሌም ቢሆን ሰውን በሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ከነልጆቹ ማስወጣት ለአማኝ የሚገባ አይደለም።

የሳምንቱ ሥራ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ኢብን ሒባን በዘገቡት ሐዲስ ሰፊ ቤትና ደግ ጎረቤት ከደስታ ምንጮች መካከል አብረው ተቆጥረዋል። ሰፊው ቤት ያለ ደጉ ጎረቤት ግማሽ ነው ማለት ነው።

ከዛሬ ጁምዓ እስከሚቀጥለው ድረስ ከእነዚህ አንዱን እናድርግ። ያልተከፋፈለ የአባት ቤት ያለን እህቶቻችን ጋር ደውለን «ድርሻሽ አለ፤ መቼ እንነጋገር?» እንበል። በሰው ብር በስማችን የተመዘገበ ቤት ካለ ለባለቤቷ የምናዞርበትን መንገድ እንጀምር። ቤት እየፈለግን ከሆነ ኢስቲኻራ ሰግደን፣ ወደ ሰፈሩ መስጂድ ጎራ እንበል። ቤት ያለን ደግሞ ከገባን ጀምሮ በሩን አንኳኩተን የማናውቀውን አንድ ጎረቤት ዛሬ እናንኳኳ።

አላህ ቤት ለሌላቸው ቤት ይስጣቸው። ያለንንም ሐላል፣ ከሰው ሐቅ የጠራ ያድርግልን። በስደት ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችንን በሰላም ለገዛ ቤታቸው ያብቃቸው። የደግ ጎረቤቶች ጎረቤት፣ ለሌላውም ደግ ጎረቤት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።